ሰላምታ ደጅ ነው፤ ፍቅር ግን ቤት ነው

ሰው ከተወለደበት አገር ወጥቶ በሌላ አገር በሚኖርበት ጊዜ አስቀድሞ የሚጐድልበት እንጀራ አይደለም። እንጀራውን በእጁ ሥራ ያገኘዋል፤ ቤቱንም በኪራይ ይይዘዋል። በገንዘቡ የማይገዛው ነገር ቢኖር በመንገድ ሲያልፍ «እንደምን አደርህ» የሚለው ሰው ነው። ወደ ውጭ አገር የሄዱ ልጆቻችን ወደ ወላጆቻቸው በሚልኩት ቃል ከብርዱና ከሥራው ድካም ይልቅ «እዚህ አገር ሰው ሰውን ሰላም አይልም» የሚለው ኀዘን ብዙ ጊዜ የሚሰማው ስለዚህ ነው።

ይህን ኀዘን ካልመረመሩት ሁለት ስሕተቶች ይወለዱበታል። አንደኛው የሚኖሩበትን ሕዝብ «ፍቅር የሌለው ነው» ብሎ መፍረድ ነው። ሁለተኛው የገዛ አገራችንን ሕዝብ በሰላምታው ብዛት ብቻ መዝኖ ጻድቅ አድርጎ መቍጠር ነው። በዚህ ጽሑፍ ሰላምታ ከፍቅር ጋር ያለውን ዝምድናና ልዩነት ከቅዱሳት መጻሕፍትና ከአገራችን ኑሮ፥ ይልቁንም ከጋሞ አገር ምሳሌ እየወሰድን እንመለከታለን።

መጽሐፍ ስለ እንግዳና ስለ ሰላምታ የሚያስተምረን

በግእዝ እንግዳ «ነግድ» ይባላል፤ መንገደኛ ማለት ነው። አገሩን ለቆ በሰው አገር የሚቀመጠው ደግሞ «ፈላሲ» ይባላል። መንገደኛው ነገ ያልፋል፤ ፈላሲው ግን ጎረቤት ይሆናል። ስለዚህ መንገደኛው ማደሪያ ሲያስፈልገው ፈላሲው ከማደሪያ በላይ ባልንጀርነት ያስፈልገዋል። ሕገ ኦሪት ሁለቱንም አልረሳም። በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 19 እስራኤል በመካከላቸው የሚቀመጠውን መጻተኛ እንደ አገር ልጅ እንዲያዩትና እንደ ራሳቸው እንዲወዱት ታዝዘዋል፤ እነርሱ ራሳቸው በግብፅ ምድር መጻተኞች ነበሩና። አባታችን አብርሃም በመምሬ በድንኳኑ ደጃፍ ተቀምጦ ሳለ ሦስት ሰዎችን ባየ ጊዜ ከወዴት እንደ መጡ ሳይመረምር ሮጦ ተቀበላቸው (ዘፍ. 18)። ወደ ዕብራውያን በተጻፈው መልእክት ምዕራፍ 13ም ሰዎች እንግዳ ሲቀበሉ ሳያውቁ መላእክትን እንደ ተቀበሉ ተነግሯል። ጌታችንም በፍርድ ቀን ራሱን በእንግዳው ስፍራ አድርጎ እንደሚጠይቀን አስተምሮናል (ማቴ. 25)።

ስለ ሰላምታ የተጻፈው ግን በአንድ ወገን ብቻ አይደለም። ጌታችን በተራራው ስብከቱ ወንድሞቹን ብቻ ሰላም የሚል ሰው ከሌሎች የሚበልጥበት ነገር እንደሌለው ተናገረ (ማቴ. 5፥47)። ፈሪሳውያንንም በገበያ ሰላምታ ይወዳሉና ወቀሳቸው (ማቴ. 23፥7)። አርድእትን በላካቸው ጊዜ ደግሞ በመንገድ ማንንም ሰላም እንዳይሉ አዘዛቸው (ሉቃ. 10፥4)። ነቢዩ ኤልሳዕም የሱነማዪቱ ልጅ በሞተ ጊዜ ግያዝን ሲልከው እንዲሁ አዞት ነበር (ነገ. ካልዕ 4፥29)። ይህ ሰላምታን መንቀፍ አይደለም። በዚያ አገር፥ እንደ እኛም አገር፥ ሰላምታ ረጅም ስለ ነበር መልእክተኛው ከተላከበት ጉዳይ እንዳይዘገይ ነው። እነዚያው አርድእት ወደ ቤት በገቡ ጊዜ አስቀድመው ሰላምን እንዲናገሩ በሚቀጥለው ቃል ታዝዘዋልና። እንግዲህ በመንገድ ዝም ያለ ሁሉ ፍቅር የለውም ማለት እንደማይቻል ከዚህ እናስተውላለን።

ሰላምታ ያለው ሁሉም ፍቅር አለው ማለት አይቻልም። ኢዮአብ አሜሳይን ስለ ደኅንነቱ እየጠየቀና ሊስመው ጢሙን ይዞ በሰይፍ ገደለው (ሳሙ. ካልዕ 20፥9-10)። ይሁዳ ጌታውን አሳልፎ የሰጠው በሰላምታና በመሳም ነው (ማቴ. 26፥49)። በሌላው ወገን ደጉን ሳምራዊ እንመልከት። ቁስለኛውን ዘይትና ወይን አፍስሶ አሰረለት፤ በአህያው ላይ አስቀመጠው፤ በእንግዳ ማረፊያ ቤትም ገንዘቡን ከፍሎ አሳረፈው። ምን ብሎ ሰላምታ እንደ ሰጠው ግን ወንጌል አልጻፈልንም። አይሁድና ሳምራውያን በማይተባበሩበት ዘመን ሁለቱ በመንገድ ቢገናኙ ኖሮ ምናልባት ዝም ተባብለው ያልፉ ነበር። ነገር ግን አንዱ በወደቀ ጊዜ ሌላው አላለፈውም።

ከዚህ ሁሉ የምናገኘው ትምህርት ሰላምታ ደጅ፥ ፍቅር ግን ቤት መሆኑ ነው። ደጅ የሌለው ቤት አይገባበትም፤ ስለዚህ ሰላምታን ማቃለል አይገባም። ቤት የሌለው ደጅ ግን ማንንም አያሳድርም።

በጋሞ አገር የምናየው ምሳሌ

ከአርባ ምንጭ ከተማ በላይ ወደ ጨንቻ በሚወስደው ደጋ የሚገኘው የዶርዜ ቤት ለዚህ ነገር መልካም ምሳሌ ይሆነናል። ቤቱ ከቀርከሃ ተሠርቶ በእንሰትና በቀርከሃ ሽፋን የሚለበስ ነው፤ ቁመቱ እጅግ ረጅም፥ መልኩም የዝሆን ራስ የሚመስል ነው። መግቢያው እንደ ዝሆን አፍንጫ ወደ ፊት የወጣ ነው። ከውጭ ለሚያየው ደጁ ጠባብ ነው፤ ለገባበት ግን ውስጡ ሰፊና ሙቀት ያለው ነው። ምስጥ ሥሩን በበላው ጊዜም ብዙ ሰዎች ተሰብስበው ቤቱን እንዳለ ተሸክመው ወደ ሌላ ስፍራ ያዛውሩታል። በደጁ ጠባብነት ብቻ የቤቱን ስፋት የሚለካ ሰው ይስታል፤ ከሰዎችም መካከል ይህን ቤት የሚመስሉ አሉ።

አርባ ምንጭ በአባያና በጫሞ ሐይቆች አጠገብ፥ ስሟን ካገኘችባቸው ምንጮች በላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። የቀድሞው የጋሞ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት መቀመጫ አስቀድሞ ጨንቻ ነበር፤ በኋላ ወደ አርባ ምንጭ ወረደ፤ ዛሬም የጋሞ ዞን መቀመጫ ናት። ከአራቱም ማዕዘን የመጣ ሰው ይኖርባታል። በ1996 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ የሆነው ትልቁ ትምህርት ቤቷም ከጎጃምና ከጎንደር፥ ከወለጋና ከሐረር፥ ከትግራይና ከወሎ የሚመጡ ወጣቶችን ተቀብሎ ያስተምራል። እነዚህ ወጣቶች ባሕር ባይሻገሩም ፈላስያን ናቸው።

በጋሞኛ «ሳሮ» ማለት ሰላምና ደኅንነት ማለት ነው፤ ሰላምታም የሚሰጠው በዚሁ ቃል ነው። ከሰሜን የመጣው ተማሪ ከደጋ ወደ ገበያ የወረዱትን እናት «እንደምን ዋሉ እማማ» ብሎ ሰላም ቢላቸው፥ እናቲቱም አማርኛ ባለማወቃቸው ዝም ቢሉ፥ «ናቁኝ» ብሎ ያዝናል። እርሳቸውም «ሳሮ» ብለውት ሳይመልስ ቢያልፍ «ይህ ልጅ ኵሩ ነው» ይሉታል። ሁለቱም ሰላምን ተመኙ፤ ሁለቱም ተነቀፉ። በባዕድ አገር የሚሆነው መራራ ነገር አብዛኛው ከዚህ የሚለይ አይደለም።

ወደ አዲስ አበባ የሚሄደው የጋሞ ሰውም እንዲሁ ነው። በእንጦጦ ግርጌ በሽሮ ሜዳ ሸማ የሚሠሩት ብዙዎቹ የዚህ አገር ልጆች ናቸው። ከጨንቻ ይምጣ ወይም ከዶኮ፥ የከተማው ሰው ሁሉንም «ዶርዜ» ብሎ ይጠራል፤ የሰውየውን መንደር የሚጠይቅ ጥቂት ነው። እርሱ ግን ዓመቱን ሙሉ ጥበብ ሲሠራ ኖሮ ለመስቀል በዓል ወደ አባቱ ቤት ሲመለስ በስሙ ይጠራል።

እዚህ ላይ ራሳችንን ልንመረምር ይገባናል። በጥምቀትና በትንሣኤ በዓል ነጭ ለብሰን ወደ ቤተ ክርስቲያን የምንሄደው የሸማኔው እጅ ስለ ሠራልን ነው። ነገር ግን በሰሜኑ የአገራችን ክፍል ሸማኔ፥ ቀጥቃጭ፥ ፋቂ የሚባሉ ስሞች ለብዙ ዘመን ስድብ ሆነው ኖሩ። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ሙያ ያለውን ሰው በሙያው መስደብን በዐዋጅ እስከ መከልከል የደረሱት ነገሩ ስለ ጸና ነው። በጋሞም አገር ቢሆን ሸክላ የሚሠሩትና ቆዳ የሚፍቁት ወገኖች ከሌላው ጋር በጋብቻ እንዳይገናኙና በሸንጎ እንዳይተካከሉ ተለይተው ኖረዋል። እንግዲህ ስለ ቤተ ሰብ፥ ስለ ከብት፥ ስለ አዝመራ እየተጠያየቅን በመንገድ ብዙ ስንቆም ከእነዚህ ወገኖች ጋር ግን በአንድ ማዕድ አልተቀመጥንም። ሰላምታችን ረጅም ነበር፤ ማዕዳችን ግን አጭር ነበር። ዛሬም ቢሆን በአዲስ አበባ ከገጠር የመጣችውን የቤት ሠራተኛ ስሟን ሳያውቅ የሚውል ጎረቤት አለ። ይህን ሳያስቡ ሌላውን ሕዝብ «ሰላምታ አያውቅም» ማለት በዐይን ያለውን ምሰሶ መርሳት ነው።

በባዕድ አገር ስላለው የሰላምታ ልማድ

በስዊድንና በፊንላንድ ሰዎች አውቶቡስ ሲጠብቁ ተራርቀው ይቆማሉ፤ በውስጡም ባዶ ወንበር ሳለ ከማያውቁት ሰው አጠገብ መቀመጥ አይወዱም። ለእኛ ሰው ይህ ጥላቻ ይመስለዋል። ለእነርሱ ግን የሌላውን ሰው ጸጥታ አለማወክ ራሱ አክብሮት ነው። በጀርመን አገር በሕክምና ቤት መጠበቂያ ክፍል የገባ ሰው በዚያ ያሉትን ሁሉ በአንድ ቃል ሰላም ብሎ ይቀመጣል፤ ከዚያ በኋላ ግን ማንም ወሬ አይጀምርም። በአሜሪካ አገር ደግሞ የሱቅ ሻጭ የማያውቀውን ሰው ፈገግ ብሎ «እንዴት ነህ» ይለዋል፤ ዝርዝር መልስ ግን አይጠብቅም። የእኛ ሰው ቆሞ ስለ እናቱ ሕመም መንገር ቢጀምር ሻጩ ይጨነቃል፤ የእኛም ሰው «ጠይቆኝ ሳይሰማኝ ዞረ» ብሎ ይቈስላል። እንግዲህ በአንዱ አገር ዝምታው ጥላቻ አይደለም፤ በሌላውም አገር ፈገግታው ወዳጅነት አይደለም።

ለልማዱ መለያየት ምክንያት አለው። ባገራችን መንገደኛ የሚያድርበት ሆቴል ባልነበረበት ዘመን ሌሊት ከአውሬና ከብርድ የሚያድነው የሰው ቤት ብቻ ነበር። «የእግዚአብሔር እንግዳ ነኝ» ያለውን ማሳደር ግዴታ የሆነውም ስለዚህ ነው። በአብነት ትምህርት ያደግን ሁላችን ይህን እናውቃለን፤ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያልን የቆምንበት ደጅ ባይከፈትልን ኖሮ ፊደልም ዜማም ባልተማርን ነበር። ለማን እንደሚያድር ያልታወቀ መንገደኛ ከወዴት እንደ መጣና ወዴት እንደሚሄድ መጠየቅም ተገቢ ነበር። ማረፊያ ቤት፥ ባቡርና ፖሊስ በሞላበት አገር ግን መንገደኛው ከጎረቤት የሚለምነው ነገር ጥቂት ስለ ሆነ ሰላምታው አጠረ። በታላላቅ ከተሞች በቀን በሺህ የሚቈጠር ሰው የሚያገኝ ሰው ሁሉን ሰላም ልበል ቢል ከሥራው አይደርስም።

የእኛም ጨዋነት በዚያ አገር ሰዎች ዘንድ በሌላ ይተረጐማል። በታላቅ ሰው ፊት ዐይንን ዝቅ ማድረግ ለእኛ ትሕትና ነው፤ ለእነርሱ ግን ነገር የሚደብቅ ሰው ያስመስላል። «ወዴት ትሄዳለህ?» ማለት ለእኛ ማሰብ ነው፤ ለእነርሱ በሰው ምሥጢር መግባት ነው። ምግብ ሲቀርብልን አስቀድመን «በልቻለሁ» እንላለን፤ ባለቤቱም «በሞቴ» እያለ ይለምነናል። በዚያ አገር ግን «በልቻለሁ» ያለ ሰው ቃሉ ታምኖለት ተርቦ ያድራል። ይህ ሁሉ ፍቅር ከማጣት ሳይሆን ቋንቋውን ካለማወቅ የሚመጣ ነው፤ ሰላምታም ራሱን የቻለ ቋንቋ ነውና።

በዚህ ነገር ከእኛ የቀደሙ አባቶች አሉ። የደብረ ሊባኖሱ መነኵሴ አባ ተስፋ ጽዮን ከባልንጀሮቻቸው ጋር በሮም ከተማ በቅዱስ እስጢፋኖስ ቤት ተቀምጠው በ1548ና በ1549 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ሐዲስ ኪዳንን በግእዝ አሳተሙ። ለመጽሐፉ ስሕተት ይቅርታ ሲጠይቁም አታሚዎቹ ግእዝ ማንበብ እንዳልቻሉ፥ እነርሱም የኅትመት ሥራ እንዳላወቁ፥ ሁለቱም ወገኖች ግን ዕውር ዕውርን እንደሚረዳ ተረዳድተው እንደ ፈጸሙት ገለጹ። የማይግባቡ ሰዎች ወዳጅነት በሰላምታ ርዝመት ሳይሆን በአንድ ሥራ ላይ እጅ ለእጅ በመያያዝ እንደሚጸና ከዚህ የበለጠ ምስክር አያስፈልግም። በዐረፍተ ነገር መግባባት ያልቻለ ሰው በሥራ ይግባባል።

እንግዳ የሚታወቅበት ቀን

ሰላምታና ፍቅር የሚለዩት ግን በመከራ ቀን ነው። በመስከረም ወር 2011 ዓ.ም. በአዲስ አበባ አጠገብ በቡራዩና በአካባቢው ብዙ ሰዎች ተገደሉ፤ ከሞቱትና ከተፈናቀሉት መካከል የጋሞ ተወላጆች ነበሩባቸው። ወሬው አርባ ምንጭ በደረሰ ጊዜ ወጣቶች በኀዘንና በቍጣ ተሰብስበው በዚያ ከተማ የሚኖሩትን የኦሮሞ ተወላጆችና ንብረታቸውን ሊበቀሉ ተነሡ። እነዚህ ሰዎች ግን ግድያውን አያውቁትም፤ በእንግድነት ያደሩ ጎረቤቶች ነበሩ።

በዚያን ጊዜ የጋሞ ሽማግሎች እርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘው ወጡ፤ በወጣቶቹ ፊትም ተንበረከኩ። በአገሩ ልማድ ሣር የያዘ ሽማግሌን አልፎ መሄድ አይቻልም። በጋሞ የአባቶችን ሥርዐት መተላለፍ «ጎሜ» ይባላል፤ በተላለፈው ሰውና በአገሩ ላይ መከራን የሚያመጣ በደል እንደ ሆነም ይታመናል። ሽማግሌ በዱቡሻ፥ ማለት በሸንጎው አደባባይ፥ ተቀምጦ የሚመርቅ ነው፤ ልጆቹም በፊቱ ዝቅ ይላሉ። በዚያ ቀን ግን አባት ለልጁ ተንበረከከ። ወጣቶቹም ተመለሱ፤ የእንግዶቹም ሕይወት ተረፈ።

ልብ እንበል፤ ሽማግሎቹ ራሳቸው ሐዘንተኞች ነበሩ። የሞቱት ልጆቻቸውና ዘመዶቻቸው ናቸው። ያዳኗቸው ሰዎች በየጧቱ ሰላም ይሏቸው እንደ ነበር ወይም ዝም ብለው ያልፏቸው እንደ ነበር በዚያ ቀን ማንም አልጠየቀም። ጌታችን ወንድሞቹን ብቻ ሰላም የሚል ምን ይበልጣል ብሎ የጠየቀው ጥያቄ መልሱ ይህን የመሰለ ሥራ ነው። ደጁ ብቻ ሳይሆን ቤቱ የታየው በዚያ ቀን ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

አንደኛ፥ በባዕድ አገር የሚኖር ምእመን በሰላምታ ማጠር ሕዝቡን አይፍረድበት። የአገሩን ሰላምታ በአገሩ ቋንቋ ይማር፤ በደረጃ ላይ ለሚያገኘው ጎረቤት እርሱ አስቀድሞ በአጭሩ ሰላም ይበል፤ መልስ ቢያጣም ነገ ይድገመው። አብርሃም ሮጦ ተቀበለ እንጂ እስኪመጡለት አልጠበቀም። በፈገግታው ብዛትም ሳይታለል ወዳጁን በጊዜና በሥራ ይወቀው።

ሁለተኛ፥ የራሱን መልካም ልማድ አይጣል። የታመመውን መጠየቅ፥ ያዘነውን ማጽናናት፥ አዲስ ለመጣው ቡና አፍልቶ መጥራት በማንኛውም አገር የተወደደ ነው። በውጭ አገር ያሉት አብያተ ክርስቲያናት ከቅዳሴ በኋላ ብቻውን ቆሞ የሚሄደውን ሰው ይመልከቱ። ለብዙው ወጣት በሳምንት ውስጥ በስሙ የሚጠራበት ስፍራ ያ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ በዚያም ያልተጠራ እንደ ሆነ ወዴት ይሄዳል?

ሦስተኛ፥ ይህ ቃል ለእኛ ለካህናት ነው። ከሰሜኑ ክፍል ወጥተን በጋሞና በሌላው የደቡብ አገር የምናገለግል ካህናት ራሳችን ፈላስያን ነን። ከጥንት ጀምሮ በዚህ አገር እንደ ብርብር ማርያም ያሉ አድባራት ጸንተው የኖሩት ሕዝቡ ስለ ጠበቃቸው ነው፤ እኛንም ተቀብሎ የሚያኖረን እርሱ ነው። ከደጋ ወርደው በቅጽሩ የሚቆሙት እናት በአማርኛ ብቻ የተሰበከውን ሳይሰሙ ቢመለሱ ጥፋቱ የእርሳቸው አይደለም። ቢያንስ «ሳሮ» ብለን እንቀበላቸው፤ ከዚያም አልፈን ቋንቋቸውን እንማር፤ የአገሩንም ልጆች ለክህነትና ለስብከት እናብቃ። መንፈስ ቅዱስ በወረደበት ቀን ሕዝቡ ሁሉ በየራሱ ቋንቋ ሰማ እንጂ ሁሉም የሐዋርያትን ቋንቋ እንዲማር አልታዘዘም።

አራተኛ፥ በየሰበካው ያለ ምእመን ከሌላ አገር የመጣውን ተማሪ፥ የቀን ሠራተኛና ሸማኔ ስሙንና መንደሩን ይጠይቅ፤ በበዓልም ቀን ወደ ማዕዱ ይጥራው። ሐዋርያው ዮሐንስ በሦስተኛው መልእክቱ ጋይዮስን ያመሰገነው እንግዶችን ስለ ተቀበለ ነው፤ ዲዮጥራጢስን የነቀፈውም ራሱ ስላልተቀበለና የሚቀበሉትን ስለ ከለከለ ነው። ሁለቱም በቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነበሩ። እኛ የማንኛቸውን ስፍራ እንደ ያዝን በደጃችን የቆመው እንግዳ ያውቃል።

ደጃችንን በሰላምታ ከፍተን ቤታችንን በፍቅር እንድናሰፋ የእግዚአብሔር ቸርነት ይርዳን። ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ አሜን።